ለተ ሚካኤል የሠራችው ባሕር

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ለተ ሚካኤልን የማይፈራ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ሴትየዋ ደጃፏ ላይ አቧራ የሚያስነሳ ሰው አትወድም፤ ያስነሳ ደግሞ ስሙን እስኪረሳ ድረስ ይሰደባል። ምክንያት ነበራት። እሷ ቤት ውስጥ ባሕር ይረጋል፤ ባልደረቀ ባሕር ላይ አቧራ ከወደቀ እስከ ወዲያኛው እዚያው ይቀራል።

ባሏ ገብረአረጋዊ በጡረታ ዘመኑ ከእንጨት ትንንሽ መርከቦች ይሠራ ነበር፤ ውሃው የእሷ ድርሻ ነው። ሬዚን የሚሉትን ፈሳሽ ፕላስቲክ አረፋ እንዳይቋጥር ከማጠንከሪያው ጋር ቀስ ብላ ታማስለዋለች። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ነክታ ትጨምርበታለች። ከዚያ ስስ አድርጋ ታፈሳለች፤ እሱ ሲደርቅ ሌላ ስስ ትደግማለች። ቸኩሎ በአንዴ ያፈሰሰ ሰው ውሃው ግሎ ሲሰነጠቅበት ያያል። ማዕበሉን መስታወት በሚጣበቅበት ሲሊኮን በሹካ እያነሳች ታቆመዋለች፤ አረፋውን ከጥጥ ታወጣዋለች። ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያሉ ጠበቆች ለጠረጴዛቸው ሲያዟት ሰማያዊ አድርጊልን ይሏታል። ሰማያዊ የፈለገ ባልዲ ይግዛ ብላ ትመልሳቸዋለች። ሙሽራ ሆና ቀይ ባሕር ዳር ኖራለች፤ የወደብ ውሃ ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግራት አይችልም።

ገብረአረጋዊ ባለፈው ክረምት ሞተ። የሌላውን ሁሉ መርከብ ሲሠራ ኖሮ፣ እሱ ራሱ መሪ የጨበጠባትን መርከብ የሠራው በመጨረሻው ዓመት ነው። ውሃ ሳታገኝ ጥሏት ሄደ። የቀድሞ ባሕረኞች ማኅበር ይህችን መርከብ ለዓመታዊ ስብሰባው ፈለጋት፤ ከዚያም በአዳራሹ ትቀመጣለች ተባለ። ይኼ ደግ ነገር ነው። ጉዱ ያለው ሊቀመንበሩ ሃብተኣብ መሆኑ ላይ ነው።

ሃብተኣብና ገብረአረጋዊ ዓይንና ናጫ ነበሩ። መንግሥት ሲወድቅ ያቺ መርከብ ከወደብ ወጥታ ወደ ሰው አገር ስትሸሽ መሪው በገብረአረጋዊ እጅ ነበር፤ ሃብተኣብ ደግሞ የወደቡ ግንብ ላይ ከሌሎች ጋር እየሮጠ፣ እየተጣራ ቀረ። ተማረከ፣ ታሰረ፣ የተሰበረ እግሩ ሳይጠገን ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ አንድ ነው፤ ትቶን ሄደ ይላል። ለተ ሚካኤል ደግሞ ባሏ ሊያወጣቸው ተመልሶ ነበር፣ ያላስጠጋው ተኩሱ ነው ትላለች። ይህን ከባሏ አፍ ሰምታ አታውቅም። በጠየቀችው ቁጥር ኮቱን አንስቶ ይወጣ ነበር። ዝምታውን ራሷ ተረጎመችው፤ ውላ አድራም አመነችው። ሰፈሩ ውስጥ የገብረአረጋዊ ስም የቆመው በዚህች ወሬ ላይ ነው፤ ወሬዋ ከወደቀች እሱም እንደሚወድቅ ታውቃለች።

ሃብተኣብ ለቀብሩ አልመጣም። ለመርከቧ ግን መጣ። ግባ ሳትለው ደጃፏ ላይ ቆሞ ትእዛዙን ደረደረ። መርከቧ ቀጥ ብላ ስትሄድ ይሁን፣ ከኋላዋ ነጭ አረፋ፣ ከአረፋው ወዲያ ደግሞ ግንቡ ላይ የቀሩት ሰዎች ይታዩ አለ። ለቀብር ያልመጣ እግር ዛሬ ምን አመጣው አለችው፤ የሞተ ሰው ስም ለመርገጥ ከሆነ ያቺ አንዷ ጤነኛ እግርህ ትበቃሃለች አለችው። ጸያፍ ንግግር ነበር፤ እያወቀች ተናገረችው። እሱም አልማራትም። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ከእንጨት ጋር የተደበቀ ፈሪ እንደነበረ ነግሯት ሄደ።

በሯን ዘግታ ሥራ ጀመረች። መርከቧን ገልብጣ ሆዷን ስትጠርግ አንድ ነገር አየች። ከኋላ፣ ከውሃው በታች የምትሆን መርከቧን የምታዞር ሰሌዳ አለች። በሌሎቹ መርከቦች ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትጣበቀው። በዚህችኛዋ ላይ ግን ወደ ቀኝ ተጠምዝዛ ተጣብቃለች። የገብረአረጋዊ እጅ ደግሞ አይስትም። እንግዲያው መርከቧ ወደ ቀኝ እየዞረች ነበር ማለት ነው። ግንቡ በቀኝ ከነበረ ተመልሳ እየመጣች ነው፤ በግራ ከነበረ ፊቷን አዙራ እየሸሸች ነው። መርከቧ ስትወጣ በየት በኩል እንደነበረ ለተ ሚካኤል አታውቅም፤ ያኔ አዲስ አበባ ነበረች።

ሃብተኣብን ደውላ ጠራችው። ፈልጋ ብትጠይቅ የሚያውቅ ሌላ ሰው አይጠፋም። እሷ ግን ቃሉን ከእሱ አፍ ፈለገችው፤ እሱ ካመነ ማን ይክዳል ብላ።

መጣ፤ አልተቀመጠም። መርከቧን ገልብጣ ሰጠችውና ጠየቀችው። በሁለት እጁ ይዞ ሰሌዳዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

“ግንቡ በቀኝ ነበር” አለ በመጨረሻ።

ደስ ያለው ሰው ምሕረት ያደርጋል ያላችሁ እንደሆነ ለተ ሚካኤልን አታውቋትም። ሲመለስ በዓይንህ እያየህ ሠላሳ ዓመት ስሙን ስታጠፋ ኖርህ፣ ዓይንህ ላፈር፣ ያ እግርህ የሐሜትህ ዋጋ ነው አለችው። ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ እስኪያይ ድረስ አወረደችበት። ሃብተኣብ መርከቧን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጦ እያነከሰ ወጣ።

እንደዚያ ተጠንቅቃ ባሕር ሠርታ አታውቅም። ግንቡን በጄሶ ገንብታ በቀኝ አቆመችው፤ ላዩ ላይ እጃቸውን የዘረጉ ትንንሽ ሰዎች ደረደረች። አረፋው ከመርከቧ ኋላ ተነስቶ እንዲጠመዘዝ አደረገችው፣ አፍንጫዋም ወደ ሰዎቹ እንዲያይ። ስስ በስስ ላይ ስታፈስ ሰነበተች። ሲደርቅ ውሃው ጥልቅ ሆነ፣ ያቺም ሰሌዳ ከሥሩ ወለል ብላ ታየች።

የስብሰባው ዕለት ጥቁሯን ለብሳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ልደታ ወደተከራዩት አዳራሽ ገባች። ሽማግሌዎቹ ባሕረኞች መርከቧን ከበው ቆሙ፤ ዓይኑን የጠረገም ነበር። ከጅማ የመጣ ዱጉማ የሚባል፣ ያን ቀን መርከቧ ላይ የነበረ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ሲመረምር ቆየና ወደ እሷ ጠጋ አለ።

“እትዬ ለተ፣ ሥራው ግሩም ነው” አላት። “ግንቡን ግን በተሳሳተ ጎን አኑረውታል። ስንወጣ በግራችን ነበር።”

ሰውየው በክፋት አልነበረም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ለተ ሚካኤል አፏን ሳትከፍት ሃብተኣብ ከወዲያ ማዶ ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ግንቡ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ” አለ። “በቀኝ ነበር።”

ዱጉማ አየው። ከዚያ መርከቧን አየ፤ ወንበሩን ፍለጋ ሄደ።

ያኔ ገባት፤ የዋሸው ሃብተኣብ ነው። ገብረአረጋዊ በአፉ ያልወጣለትን በእጁ ተናግሮ ነበር የሞተው፤ ሸሽቻለሁ ብሎ። እሷ ደግሞ ቃሉን በውሃዋ ገለበጠችበት። ውሃውም ደርቋል፤ መርከቧ ካልተሰበረች አይቀየርም።

ሰው ወደ ምግቡ ሲዞር ሃብተኣብን ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

“ምጽዋት ማን ለመነህ?” አለችው። “የባሌን ስም በአንተ ውሸት አቁሜ ልኑር?”

“ለእሱ መሰለሽ? ለአንቺ መሰለሽ?” አላት፤ ድምፁ ውስጥ ቅንጣት ፍቅር አልነበረም። “እሱን ዛሬም አልማርኩትም። አንቺንም ማየት አልፈልግም። ግን ለተ፣ ያቺን መርከብ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማያት ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ ነው። አንዴ እንኳ ዞራ ስትመጣልኝ ልያት ብዬ ነው።”

እሱ እያነከሰ ወደ አዳራሹ ገባና መርከቧን ዞሮ በቀኝ በኩል ቆመ፣ እጃቸውን ከዘረጉት ትንንሽ ሰዎች ጀርባ።