የመምህር ዓለምነው ሠንጠረዥ

ሪሃና ሳሊም የአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ኃላፊ ነች። ጎንደር አራዳ፣ ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ተቀምጣ የምትመራው ፕሮግራም የእኛን፣ የሂጅራንና የፈረንጆችን ቀን እርስ በርስ የሚመነዝር ነው። ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት ነው፤ ያሻው ይወስደዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። አምስት ሰዎች ጽፈውታል፤ አምስቱም በየአመላቸው።

በ2009 ማብቂያ ላይ አንድ ስሕተት አመለጣት፤ ፕሮግራሙ አምስት ቀን የሆነችውን ጳጉሜን ስድስት አደረጋት። ስሕተቱ የተሸሸገው አንዱ ጸሐፊ በቃላት መሀል ያለውን ባዶ ክፍተት ሲያስተካክል በነካካቸው ሁለት መቶ መስመሮች መሀል ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሮችን በተሳሳተ ቀን ቀጠረ። ማንም አልተጎዳም፤ የሪሃና ሰላም ግን ሄደ።

ከእንግዲህ በእርግጥ የተለወጠው መስመር ብቻ ጎልቶ እንዲታይ፣ ኮዱን በአንድ መልክ የሚያሰልፍ የኮምፒውተር መሣሪያ መምረጥ ነበረባት። ሁለት አገኘች። አንደኛው ሁሉን ነገር ያስመርጣል፤ በእያንዳንዱ ምርጫ አምስቱ ሰዎች ወር ሙሉ እንደሚከራከሩ አወቀች። ሁለተኛው ማንንም አይጠይቅም። እሱን ወደደችው። በቅጂ ላይ ስትሞክረው ግን፣ ፕሮግራሙን የጀመሩት የጠዳው መምህር ዓለምነው፣ በእጃቸው አምድ በአምድ የደረደሩት የአሥራ ሦስቱ ወራት ሠንጠረዥ ብትንትኑ ወጣ።

በጽሑፍ ብትነግራቸው ይቀየማሉ። ቅዳሜ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ጠዳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከአዘዞ ወዲያ መንገዱ አጠረባት።

መምህሩ ላፕቶፑ ላይ የተበተነውን ሠንጠረዣቸውን አዩ። «ምነው ሪሃና፣ ምን በደልኩ?»

«አንቱ ምን በደሉ፣ አያ ዓለምነው! ስሕተቱን ያላየሁት እኔ ነኝ። አንድ መልክ ካልያዘ ነገም አላየውም።»

«የሚያወጣው ቀንስ ተለውጧል?»

«አልተለወጠም። አራት ሺህ ቀን ፈትሻለሁ።»

«እስቲ እኔ ፊት ፈትሺው።»

ፍተሻውን አስጀመረችና፣ ቁጥሩ አራት ሺህ እስኪሞላ የሻሿን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። አንድም ስሕተት አልወጣም።

«ሠንጠረዡን ግን አይንካብኝ» አሉ። «እሱን የማርመው በዓይኔ ነው።»

የመሣሪያውን መመሪያ አገላበጠች፤ አንድን ክፍል ሳይነካ እንዳለ እንዲተወው የሚያደርግ ምልክት ነበረው። ከሠንጠረዡ አናት አኖረችው። መምህሩ በእጃቸው የቀረውን ሥራ፣ ኋላ በአዲስ መልክ ከተሰለፈው ኮድ ጋር እንዳይጋጭ፣ አስቀድመው ላኩ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች፤ ከሺህ የሚበልጥ መስመር ተለወጠ።

ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን የምትከፍተው እየፈራች ነበር። ሁለት ጸሐፊዎች የለመዱት አሰላለፍ ስለተለወጠባቸው ተቆጥተው ጻፉ፤ ከእነሱም አንዱ ሥራውን ጨርሶ ተወ። ሐሙስ ዕለት የመምህሩ አዲስ ሥራ መጣ። የተለወጠው ሰባት መስመር ብቻ ነው። ሁለቴ አነበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነበው አምስተኛው መስመር ላይ ስሕተት አገኘችና፣ እንዴት እንደምትነግራቸው ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ጻፈችላቸው።

«ሸጋ አየሽ» ብለው መለሱላት።