የሥጋ ቀለም

ባለፈው ጥቅምት ለልጅ ልጄ የዳንስ ልብስ ልገዛ ብዬ እዚህ ሮም ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ልጅ እግርና ትሁት ናት። ከወገብ እስከ ጣት የሚወርደውን ጥብቅ ስቶኪንግ፣ እዚህ ካልሳማልያ የሚሉትን፣ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ። ሮዝ ነው። «ይሄ የሥጋ ቀለም ነው ሲኞራ» አለችኝ። «የማን ሥጋ?» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች። ምን ታድርግ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበችልኝ። እኔ ግን ያ ቃል ሲነሳ ደሜ ይፈላል፤ ስድሳ አምስት ዓመት አልፎኝ እንኳ አልበረደልኝም። ሳልገዛ ወጣሁ።

አባቴ ጣሊያናዊ መካኒክ ነበር፤ እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ። ደርግ ቤታችንንና ጋራዡን ሲወርስ አባቴ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ተኛ፤ ከተኛበትም አልተነሳ። እናቴና እኔ ያለንን ሸጠን ሮም ገባን። እሷ የሰው ቤት ማጽዳት ጀመረች፤ ወጥ ቤቱን ከሌሎች ተከራዮች ጋር የምንጋራበት አንድ ክፍል ተከራየን። እኔ ከልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዲት አርመናዊት መምህር ባሌት ተምሬያለሁ። ሮም የመጣሁት ተሰድጄ መሆኑን ብዙ ጊዜ እረሳው ነበር፤ ልጨፍር የመጣሁ ነበር የሚመስለኝ።

በሁለተኛው መኸራችን፣ ካስታኛ የሚሉት ፍሬ በየመንገዱ መጠበስ ሲጀምር፣ የአንድ አነስተኛ የዳንስ ቡድን አለቃ የነበሩት ማኤስትሮ ሬንዞ ከተመረጡት ልጃገረዶች ጋር ቀላቀሉኝ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውን ባሌት ከነአለባበሱ ለማሳየት ተነስተው ነበር። በዚህ ትርኢት ከተሳካልሽ ከገና በኋላ ቋሚ አባል ትሆኛለሽ አሉኝ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረም።

የልብሱን ታሪክ ያጫወቱኝ ልብስ ሰፊያችን ሲኞራ ኢዳ ናቸው። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው እየሳቁ ስለሚያወሩ እሳቀቅላቸው ነበር። በዚያ ዘመን ዳንሰኞች ባለ ተረከዙን ጫማና የተወጠረውን ከባድ ቀሚስ ጥለው፣ ከጡት ሥር የሚታሰር እንደ ሻሽ የሳሳ ነጭ ቀሚስ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በሪባን የሚታሰር ሜዳ ጫማ መልበስ ጀመሩ። ፋሽኑ የጥንት የእብነ በረድ ሐውልት መምሰል ነበር። ስለዚህ ከሥር የሚለበሰው ካልሳማልያ የለባሿን ገላ እንዲመስል ሆኖ ይሠራል። ባዶ እግር ይመስላል፣ ግን ባዶ አይደለም፤ የፋሽኑ ተንኮል እሱ ላይ ነው። ያኔ ሮምን የሚያስተዳድሩት ካህናት ይህን አልወደዱም። ማንም ገላ ነው ብሎ እንዳይሳሳት፣ ዳንሰኞቹ ሰማያዊ እንዲለብሱ አዘዙ ይባላል።

ልብሱ የተለካ ዕለት ለሁላችንም ሮዝ ታደለን። መስታወት ፊት ቆምኩ። ከወገቤ በላይ እኔ ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለችውን ግን አላውቃትም። ወደ ማኤስትሮ ሄጄ የራሴን ገላ የሚመስል እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኋቸው።

«ራቁትሽን የወጣሽ ትመስያለሽ» አሉኝ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ ሐውልት ነው የሚመስሉት።»

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ለእነሱ ሲሆን ሐውልት፣ ለእኔ ሲሆን ራቁት። ትንሽ አሰቡና ውለታ የዋሉልኝ መስሏቸው፣ አሎራ፣ እንግዲያው አንቺ ሰማያዊውን ልበሺ፣ እሱም እኮ ታሪክ ነው፣ ከኋላ መስመር ትቆሚያለሽ አሉ። ከዚያ ሁሉ ነጭ መሃል እኔ ብቻ ሰማያዊ እግር ይዤ። አንዱንም አልለብስም አልኳቸው። እንግዲያው ቤትሽ ቁጭ በይ አሉኝ።

እናቴ ጭፈራውን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም ነበር። ጨዋ ልጅ ጭኗን አደባባይ አታሰጣም ትላለች። ነገሩን ስነግራት እሰይ፣ ተገላገልን ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሽንኩርት መላጧን ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ቤቴን ሲወርሱት ዝም አልኩ። አባትሽን ንዴት ሲገድለው ዝም አልኩ። ይሄን ግን ዝም አልልም። ፈጣሪ ያላፈረበትን እግር እሱ ማን ሆኖ ነው የሚያፍርበት?»

በማግስቱ አንድ ነጭ ካልሳማልያ ገዝታ ማቅለም ጀመረች። በመጀመሪያ በሻይ ሞከረችው፤ ገርጥቶ ወጣ። ከዚያ የምትሠራበት ቤት ኖቼ የሚሉትን ፍሬ ስትልጥ አረንጓዴ ልጣጩ እጇን እንዳጠቆረው ትዝ አላት። ልጣጩን በፌስታል ሞልታ መጣች። ትልቅ ድስት ተጣደ፤ መራራ ሽታው ፎቁን ሞላው፤ ጎረቤቶች አጉረመረሙ፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች። ጨርቁን እያወጣች መስኮት ዳር ታስቆመኝና ከባቴ ጋር ታስተያየዋለች። «ገና ነው» ትልና ወጡ ጨው አንሶት እንደሆነ ሁሉ ወደ ድስቱ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ ጨርቁና ባቴ አልለይ ሲሉ እሳቱን አጠፋች። የራሷ እጅ ግን ለሳምንታት አልጠራም።

ትርኢቱ የእሑድ ከሰዓት ነበር። ቤትሽ ቁጭ በይ ብባልም እንደ ሌሎቹ መጥቼ ለበስኩ። ሲኞራ ኢዳ እግሬን አዩ፣ ተንበርክከው ሪባኔን አጥብቀው አሰሩልኝና ተነሱ። ማኤስትሮ ግን መጋረጃው ጋ ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ። የሚተካኝ ሰው አላገኙም ነበር፤ ሙዚቃው ጀምሯል።

«እንዲህ ሆነሽ ከወጣሽ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመለሺ» አሉኝ።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አልኩና ወደ መድረኩ ወጣሁ።

ሰማዩ አልተደፋም። ፊት ለፊት የተቀመጡት ትንሽ ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ ማየታቸውን ቀጠሉ። እኔም ፈርቼ አልጨፈርኩም፤ ተናድጄ ነው የጨፈርኩት። ንዴት ደግሞ እግርን እንዴት እንደሚያቀል የዚያን ዕለት ገባኝ። ጭብጨባው ሲያበቃ ቦርሳዬ በር ላይ ጠበቀኝ። ማኤስትሮ ቃላቸውን አከበሩ፤ ዳግም አልጠሩኝም። በሌላ ቡድን ደጅ ጠናሁ፣ አልሆነም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በማገላበጥ ነው።

ልጄ ይህን በሰማ ቁጥር ይናደዳል። ለአንድ ካልሲ ብለሽ ይለኛል፤ አንዴ ሮዙን ለብሰሽ ከገባሽ በኋላ ትከራከሪ አልነበር? ብልህ ነው፤ ምናልባትም ልክ ነው። እልኸኛ ነሽም ይለኛል። ነኝ፤ አልክድም። መድረኩ የሚናፍቀኝ ቀን አለ፤ ዋሽቼ አልናፈቀኝም አልልም። የተቆጨሁበት ቀን ግን የለም።

ያን እሑድ ከትርኢቱ በአውቶቡስ የተመለስኩት ከእናቴ ጋር ነው። መነጽር አልነበራት፤ ትርኢቱ ላይ ያገኘችው ወንበርም የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ልንወርድ ስንል፣ «ከሩቅ ፊት አይለየኝም፣ ሁላችሁም ነጭ ለብሳችሁ ግራ ገብቶኝ ነበር። በእግርሽ ነው ያወቅኩሽ» አለችኝ።

ሮዙን ለብሼ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጠራበት ስም ይኖረኝ ይሆናል። እናቴ ግን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እስከ መጨረሻው ልጄ የታለች እያለች ስትፈልገኝ ትውል ነበር።