እልልታው ይቅደም

የእህቴ የሠርግ ቀን ተቆረጠ፤ መጥሪያውን የምጽፈውም እኔ ነኝ። አባቴ «ጽሑፍሽ አምሯል፣ አንቺው ጻፊው» ካለኝ ጀምሮ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም። ሙሽራው ግን ርችት አመጣለሁ ብሏል። ርችት ሲባል ያ ምሽት ይመጣብኛል።

እዚሁ ከሚሴ፣ ከቤታችን ጀርባ ሠርግ ነበር። መግሪብ ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ ጧ፣ ጧ አለ። እናቴ እኔንና እህቴን ጎትታ ግድግዳው ሥር አስተኛችን። አባቴ ባጃጁን ይዞ እንደወጣ አልተመለሰም።

«ዝም በሉ፣ እልልታ ካለ እንስማ» አለች እናቴ።

እኛ አገር ለሠርግም ጥይት ይተኮሳል። የደስታ ከሆነ እልልታ ይከተለዋል፤ ካልተከተለው በር ይዘጋል። ጆሮዬን አቆምኩ። እልልታ የለም። እንደገና ጧ። እናቴ አባቴጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። በአፏ ዱዓ ታደርጋለች፣ በእጇ ደጋግማ ትደውላለች። ዓይኔን ብጨፍንም አባቴ ከባጃጁ አጠገብ ወድቆ ይታየኛል።

በሩ ሲንኳኳ ማናችንም አልተነሳንም።

«አብሽሩ፣ እኔ ነኝ» አለ አባቴ። ሽርጡ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። «ርችት ነው አሉ። እኔም ስልኬን አጥፍቼ ቦይ ውስጥ ተኝቼላችኋለሁ።»

«ታዲያ እልልታው የት ገባ?» አለች እናቴ፣ እሱ የደበቀው ይመስል።

«እልል ባዮቹም ጠረጴዛ ሥር ናቸዋ። ሙሽራዋን ራሷን ጎትተው ነው ያወጧት።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ።

ተኩስም ርችትም ድምፁ ያው ነው፤ ርችትንም ተተኮሰ ነው የምንለው። ግን ተኩስ ሲባል ሰው መሬት ላይ ይደፋል፣ ያልገባ ማን አለ ይላል። ርችት ሲባል ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። የዚያን ቀኑን ርችት ማናችንም አላየነውም። እኔ እስካሁን የፕላስቲክ ወንበር ሲወድቅ እንኳ ግድግዳው ሥር ነኝ።

ስለዚህ እናቴ ሙሽራውን ቃል አስገብታዋለች፤ መጀመሪያ እልልታ፣ ከዚያ ርችት። መጥሪያው ላይም የእሷን ቃል ከነኦሮምኛው እንዳለ አሰፈርኩት፤ ለእናንተም ይኸው፦ «ኮታ፣ ኑ። መምጣት ያልቻላችሁ ደግሞ እልልታውን ስትሰሙ በር አትዝጉ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና ወደ ላይ እዩ።»