ታጉ የተቆረጠ ቀሚስ

ልጄ ኦምዱርማን ገበያ አጠገብ ካለ የሴቶች ልብስ መደብር ውስጥ ትሠራ ነበር። ይህ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው። የምንኖረው ከዓባይ ማዶ ባሕሪ ውስጥ፣ እኔና እሷ ብቻ ነበር፤ ሱዳናዊው አባቷ ካረፈ ቆይቷል። ጠዋት በሓፍላ አውቶቡስ ድልድዩን ትሻገራለች፣ ማታ የመደብሩን ወሬ ይዛልኝ ትመጣለች። ከወሬዋ የሚበዛው ስለ ታጉ ነበር።

ድሮ አዲስ ቀሚስ ላይ የምትንጠለጠለው ታግ ብብት ሥር በክር የታሰረች ትንሽ የዋጋ ካርድ ነበረች። ሴቶቹ ካርዷን ወደ ውስጥ ሸሽገው ለሠርግ ይለብሱታል፣ ሲጨፍሩበት ያመሻሉ፣ በሳምንቱ አጣጥፈው «አልሆነኝም» ብለው ይመልሱታል። መደብሩ ሲመረው ሌላ ዓይነት አስመጣ። ይኸኛው መዳፍ የሚያክል ቀይ ላስቲክ ነው፤ የሚታሰረው ልክ ደረት ላይ፣ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ ነው። ማሰሪያው አንዴ ከተቆረጠ ተመልሶ አይገጥምም። እሱን አንጠልጥሎ ሠርግ ቤት የሚገባ የለም፤ ያለ እሱ ደግሞ ልብስ አይመለስም።

«አንዷ ግን መላ አገኘች» አለችኝ ልጄ አንድ ማታ። «ቀሚሱን ታጉን ሳትቆርጥ ለበሰችው። ከላይ ቶብ ጠመጠመችበት። ማን ያያል?»

«ታዲያ እንዴት ታወቀባት?»

«ስትጨፍር ቶቡ ወረደ! ሙሽራዋ ራሷ መጥታ ነገረችን። ወላሂ ዩማ፣ በሳቅ ሞትን።»

ዩማ የምትለኝ እንደ አገሯ ልጆች ነው፤ እማዬ ማለቷ ነው።

«ሐበሾቹስ?» አልኳት።

«ሐበሾቹ ነጠላ አላቸው።»

አብሬያት ሳቅሁ። ሐበሾቹ ስትል ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና መናገሯን ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። ያንኑ ሰሞን ሁለት ሻጮች የተለበሰ ልብስ ከዘመዶቻቸው መልሰው ሲቀበሉ ተገኝተው እንደተባረሩም ነግራኛለች። አለቃዋ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። የመደብሩ ባለቤት እህት ናት፤ መዲራ፣ ማለትም ኃላፊዋ፣ ይሏታል።

ሐበሾች በሚበዙበት ዴም ሰፈር የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። ከአገር ስንወጣ አብረን ነው የወጣነው። ሴት ልጇን ልትድር ሆነና የመልሱን ልብስ እኔ ላለብሳት ቃል ገባሁ። ከልጄ መደብር አንድ የሚያብረቀርቅ ወርቅማ ቀሚስ ገዛሁ። የሸጠችልኝ ራሷ ልጄ ናት። ስታስተናግደኝ በዐረብኛ ብቻ ነበር የምታናግረኝ፤ ሥራ ላይ ስለሆነች ነው ብዬ አለፍኩት። ቤት ስትመጣ ግን «ሙሽራዋ ለክታ እስክታየው ታጉን አትንኪው» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ነካሁት። እኛ ስጦታ ዋጋው ተንጠልጥሎበት አንሰጥም። ዋጋው ከታየ ወይ ጉራ ነው፣ ወይ ካልወደድሽው መልሺው እንደ ማለት ነው። ታጉ ላይ ቁጥሩ ጎልቶ ተጽፏል። በመቀስ ቆርጬ ጣልኩትና ቀሚሱን ከራሴ ልብሶች ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት። የባሌ እህት በሰጠችኝ፣ ሱዳኖች ለሠርግ በሚታጠኑት የሰንደል እንጨት የተነሳ ያ ቁም ሳጥን ሁልጊዜ ይሸታል።

ቀሚሱን ይዤ ዴም ስሄድ ጓደኛዬ ዘርግታ አየችው፤ መልሳ አጠፈችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ምን ልበልሽ» አለች። «የወንዱ እናት የመልስ ቀሚስ ከአገር ቤት አስጠልፋ ልካለች። ትናንት ነው የደረሰው። እሱን ካልለበሰች ገና ሳይጋቡ ቅያሜ ሊሆን ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ፣ የሷን ትልበስ።»

«ይሄማ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ልጅሽ እዚያው አይደለችም የምትሠራው? መልሺውና ለጎጆዋ የሚሆን ዕቃ አድርጊላት።»

እሺ አልኩ። ታጉን መቁረጤን አልነገርኳትም። ለልጄም አልነገርኳትም፤ እንዳትሄጂ እንደምትለኝ አውቅ ነበር። በዚህ ከተማ ዘመኔን የኖርኩት ከነጋዴ ጋር በቃል ነው። ጨርቅ ወስጄ ካልሆነኝ እመልሳለሁ፤ ሰውየው ፊቴን አይቶ ይቀበለኛል፣ ሻይ ካልጠጣሽም ይለኛል። አልለበስኩትም ካልኩ አልለበስኩትም ነው። ይህም እንደዚያው መስሎኝ ሄድኩ።

መደብሩ በሴቶች ተጨናንቆ ነበር። ልጄ ከመዲራዋ ጎን ቆማ ልብስ ታጥፋለች። ስታየኝ እጇ ቆመ። ቀሚሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ለመዲራዋ ነገሩን አስረዳሁ፤ ስጦታ እንደነበር፣ ሙሽራዋ ሌላ እንደመጣላት፣ ማንም እንዳልለበሰው። መዲራዋ ደረቱን ገለጠች፣ ታጉ የነበረበትን ቦታ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ቀሚሱን አንስታ አሸተተችው።

«ሠርግ ሠርግ ይሸታል» አለች።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ሳቀች።

«የቁም ሳጥኔ ሽታ ነው» አልኩ።

«ሐጃ፣ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው» አለች፤ እዚያ ትልቅን ሴት ሁሉ ሐጃ ይላሉ። «የሸጠችላት ማን ናት?»

አንዲት ሻጭ ወደ ልጄ ጠቆመች። መዲራዋ ወደ እሷ ዞረች።

«ሕጉን ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ» አለች ልጄ።

«ትተዋወቃላችሁ?»

ልጄ አየችኝ። ዓይኗ የአባቷ ዓይን ነው፤ ደንግጦ ሲከፈት አውቀዋለሁ።

«አንተዋወቅም» አለች። «ደንበኛ ናት።» ወደ እኔ መለስ ብላም፣ «ኻልቲ፣ ታጉ ከተቆረጠ እንደማንቀበል ነግሬሽ ነበር፤ አይደል?» አለችኝ።

ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው። በመንገድ ላይ ለማናቸውም አሮጊት የሚባል ነው።

«ነግረሽኛል» አልኳት።

መዲራዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቀሚሱን እንደያዘች ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ፣ ስጦታ ነው ካልሽ የሙሽራዋ እናት ትምጣና ትናገር። ወይም ስልኳን ስጪኝ፣ አሁን ልደውልላት» አለች።

እውነቱ ሊወጣ ነው። ጓደኛዬ ብትጠየቅ ገና ከሰላምታው ጋር፣ ልጇ እኮ እናንተው ጋ ናት የምትሠራው ትላለች። ያን ጊዜ እኔ ንጹሕ እሆናለሁ፤ ልጄ ግን ለእናቷ ታጉ የተቆረጠ ልብስ ልታስመልስ የሞከረች፣ አላውቃትም ብላም የዋሸች ትሆናለች። የተባረሩት ሁለቱ ያደረጉት ከዚህ ያነሰ ነው።

«መደወል አያስፈልግም» አልኩ። «ለብሼዋለሁ።»

መዲራዋ ቀሚሱን ወደ ላይ ያዘችው። ወገቡ ጠባብ፣ ክንዱ የተራቆተ፣ ለሃያ ዓመት ሴት የተሰፋ ነው። እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንቺ? ይህን?»

ከኋላ ያሉት ተንጫጩ። «ኧረ ተዪያት፣ ሐጃ ሙሽራ ሆናለች!» አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ፣ «ሐበሻ አይደለች? ነጠላ ደርባበታለች!» አለች። ይህን ቀልድ ቤቴ ሰምቼዋለሁ፤ ስቄበታለሁም።

«አንቺ አይደለሽም የለበስሽው» አለች መዲራዋ። «ልጅሽ ናት። አትዋሺኝ ሐጃ። ልጅ አለሽ አይደል?»

«ልጅ የለኝም» አልኩ።

ቃሉ ምንም ሳያደናቅፈኝ ወጣ። በስደቱ መጀመሪያ ወረቀት ለማግኘት ስንጉላላ፣ የተጠየቁትን ሳይሆን የሚያሻግረውን መመለስ ለምጄ ነበር፤ የዚያ ቅሪት ይሆናል። ልጄን አላየኋትም። ቀሚሱን አጣጥፋ በፌስታል አድርጋ የመለሰችልኝ እሷ ናት፤ እጇን ብቻ አየሁ። «በሰላም ኻልቲ» አለችኝ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። አንዷ ሳልፍ ቦርሳዋን ወደ ብብቷ አስጠጋች።

ማታ ስትመጣ እራት አቅርቤ ነበር። እጇን ሳትታጠብ ተቀመጠች።

«ለምን መጣሽ?» አለች።

«ይቀበሉኛል ብዬ ነው።»

«አትቁረጪ አላልኩሽም? አትቁረጪ አላልኩም?»

«ብለሻል።»

ከዚያ አማርኛውንም ዐረብኛውንም እያደባለቀች ተናገረች። ስትቀጠር መዲራዋ እናትሽ የት አገር ናት ብላ ጠይቃት፣ የከሰላ ሱዳናዊት ናት ብላ ነበር። ሐበሾች የለበሱትን ይመልሳሉ ይባል ስለነበር ሐበሻ ሻጭ አይቀጥሩም። ከዚያ በኋላ ማስተካከል አልቻለችም። ሁሉም በሐበሾቹ ሲቀልዱ እሷም አብራ ትቀልዳለች። የነጠላውን ቀልድ ያወጣችውም እሷ ናት።

አልተቆጣኋትም። አባቷ በሞተ ጊዜ ዘመዶቹ ዘንድ ስትሄድ አማርኛ አትናገሪ ያልኳት እኔ ራሴ ነኝ፤ ይህን ግን አላነሳሁም።

«እኔ አንተዋወቅም ያልኩት ፈርቼ ነው» አለች። «አንቺ ግን አልፈራሽም ዩማ። ፊቷን እያየሽ ልጅ የለኝም አልሽ። እኔ እዚያው ቆሜ።»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«ዐውቃለሁ። ግን እንዴት እንዲህ ቀለለሽ?»

ወጡ ቀዝቅዞ ስለነበር ላሙቀው ብዬ ተነሳሁ፤ ተመልሼ ስመጣ ክፍሏ ገብታለች።

ሥራዋን አላጣችም። መዲራዋ እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ የሚመለስ ልብስ የመፈተሹን ሥራ ለእሷ ሰጠቻት፤ ሕጉን ለደንበኛ በትክክል የነገረች እሷ ናት ብላ። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ግድግዳ ግድግዳ እያየች ነበር።

ለመልሱ ዴም አብረን ሄድን። ለሙሽራዋ አንድ ስብስብ ድስት ገዝቼ ነበር። ሙሽራዋ ከአገር ቤት የመጣውን ጥልፍ ለብሳ ተቀምጣለች፣ ያምርባታል። ጓደኛዬ ድስቶቹን ስታይ ደስ ብሏት በሴቶቹ ፊት ጮክ ብላ ጠየቀችኝ፤

«ቀሚሱን ተቀበሉሽ እንዴ እትዬ?»

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ልጄ መለሰች።

«አዎ፣ ተቀበልናት» አለች።

«ይኸው! ልጅ ይኑርሽ ማለት ይሄ ነው» አለች ጓደኛዬ፣ ሴቶቹም አዎ አዎ አሉ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቀሚሱ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ታች፣ በፌስታሉ እንዳለ ነው። ልጄና እኔ አልተያየንም። ሙሽሮቹን ሊያስነሱ ዘፈኑ ሲጀመር ልጄ ተነስታ ጨፈረች፤ አንገቷን እንደኛ ልጆች ለማድረግ እየሞከረች። እስክስታ አስተምሬያት አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሓፍላ ተሳፍረን ወደ ባሕሪ ተመለስን። ጎን ለጎን ነው የተቀመጥነው። ሂሳብ ተቀባዩ፣ ጺማም ጎልማሳ ሰው፣ በመተላለፊያው እየተጋፋ መጣና እኔን ትቶ ወደ ልጄ እጁን ዘረጋ።

«አንድ ላይ ናችሁ?»

ሰውየው ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፣ «ያላ፣ ቶሎ በሉ» አለ።

«አንድ ላይ ነን» አለች ልጄ። ገንዘቡን ሰጠችው። ሊያልፍ ሲል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እናቴ ናት። ሐበሻ ናት» ብላ ጨመረች።

ሰውየው ምን አገባው። ወደ ኋላ ወንበሮቹ አለፈ። ከፊታችን የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ግን ዞረው አዩን፤ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን። ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መኩራት ነበረብኝ። እኔ ግን የፈለግሁት ዝም እንድትል ነበር፤ እዚያው ድልድዩ ላይ መውረድ ቢቻል እወርድ ነበር።