ያለ ጊዜው የመጣ ይቅርታ

ከጤና መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ ቤቴ ገብቶ ሲቀመጥ ደስ አላለኝም። ሰው ያለ ነገር ደጄን አይረግጥም።

«እትዬ፣ ስለ ሳንባ ካንሰርዎ ስብሰባው ላይ ይናገሩልን። ከላይ የሚመጡት እንግዶች ሰምተው መመሪያ ያወጣሉ።»

«ምን ልበል?»

«ቶሎ መመርመር ይበጃል ይበሉ።»

ይህን ሬድዮውም ይለዋል። እኔን ምን አስፈለጋቸው? ጥርጣሬዬን ይዤ እሺ አልኩ።

ያመመኝ ጊዜ እዚሁ መቱ ከተማ የመረመረኝ ሐኪም ውጤቱን የነገረው ለታናሽ ወንድሜ ነው። እኔን አስወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ። ወንድሜ ሲወጣ ዓይኑን እያሸሸ፣ «ብርድ ነው አሉ። ለማንኛውም አዲስ አበባ ሄደን እንታይ» አለኝ። ለብርድ? ቡናዬ ዛፉ ላይ ቀልቶ፣ ለቃሚ ጠፍቶ? አልሄድም አልኩ። ለቀማው አልፎ ቡናው እስኪደርቅ ድረስ እየሳልኩ ቆየሁ።

እውነቱን የነገረችኝ ጠላቴ ናት። በአጥር ወሰን የተጣላን ጎረቤቴ፣ ዘመኗን ሙሉ ፊቷን ስታዞርብኝ ኖራ፣ አንድ ቀን ገባችና ጉልበቴን ይዛ «አፉ በይኝ» አለች። ቀጥሎ የአባቴን መሬት ለብቻው የያዘው የአጎቴ ልጅ ከኖፓ መጣ። ከዚያ የባሌ እህት ከቡሬ። ሁዳዴ ገና ሩቅ ነው፤ ይህ ሁሉ ይቅርታ ከየት መጣ? በእኛ አገር እንዲህ ተከታትለው የሚታረቁት ከሚሞት ሰው ጋር ነው።

ወንድሜን ጠርቼ «ልሞት ነው?» አልኩት። አለቀሰ።

አዲስ አበባ ወስዶኝ ከሳንባዬ ግማሹ ተቆርጦ ወጣ። ቀዶ ሐኪሙ «ቀደም ብለው ቢመጡ ትንሹን ብቻ እናወጣው ነበር» አለኝ። ድኜ ስመለስ ጎረቤቴ ሰላምታዋን እንደገና አቋረጠች። ያታለልኳት መስሏት ይሆናል።

ስብሰባው ላይ መድረኩን የሚመራው ያው በሩን የዘጋብኝ ሐኪም ሆኖ አገኘሁት። ሹም ሆኗል። ለካ እኔ «ቶሎ ተመርመሩ» ስል ጥፋቱ የእኔ፣ የመዘግየቴ ሊሆን ነው።

«እኔ ቶሎ ተመርምሬ ነበር» አልኩ። «ውጤቱን አገር ሲሰማ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። የደበቀኝም ይኸው፣ እዚህ ተቀምጧል።»

«እትዬ፣ እንዳይደነግጡ ብለን እኮ ነው። ባህላችን ነው።»

«እሱ የመርዶ ባህል ነው። እኔ ግን አልሞትኩም ነበር!»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ከእንግዶቹ አንዷ «ውጤት መጀመሪያ ለታማሚው ለራሱ ይነገር የሚለውን መመሪያው ላይ እናስገባለን» አለች። በኦሮምኛም ይባልልኝ አልኩ፤ ከሶር ወንዝ በኩል የመጡት ገበሬዎች ምስክር እንዲሆኑኝ።

ከዚያ ወዲህ ለክትትል ስሄድ አንዲት ወጣት ሐኪም ወንድሜን «አዲስ መመሪያ ነው፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አለችው። በሩ ተዘጋ፤ አሁን ግን ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ደህና ነዎት፣ በሽታው አልተመለሰም» አለችኝ ፈገግ ብላ።

ሐኪም እንዲህ ፈገግ ሲል አልወድም። ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ሆን ብዬ «እንደምን ዋልሽ?» አልኳት።

ፊቷን አዞረችብኝ። ያን ጊዜ ሐኪሟን አመንኳት።