ሁለቱ ጣቶቼ ሂርና ቀሩ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ሁለት ጣት፣ አንድ የጌታ እራት ሳህንና አንድ ጓደኛ ነው። ጣቶቹን የከፈልኩት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ሳህኑና ጓደኛው የሄዱት ግን ባለፈው ግንቦት ነው።

የሰንጋ ነጋዴ ነኝ። የቦኬ፣ የገለምሶና የሂርና ገበሬ ቤቱ አስሮ በእጁ እያጎረሰ ያደለበውን በሬ እገዛለሁ፤ ጭሮ ላይ አሰባስቤ ወደ አዳማ እጭናለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያስተማረኝ መናኸሪያው ነው። እዚያ ያደገ ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ ቅጽል ስምና ጥርጣሬ። ጌታን ስቀበል ቅጽል ስሙን ተውኩት። ጥርጣሬውን ግን ለከብት ገበያ ያስፈልገኛል ብዬ አስቀረሁት። ጓደኛዬ ላይ ብቻ አንድም ቀን አውጥቼው አላውቅም።

ጓደኛዬም ሰንጋ ነጋዴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያመጣኝ እሱ ነው፤ አንደበት ስላለው እሁድ ከሰዓት በኋላ ጥናቱን የሚመራውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወረቀት ይዞ መጣ። አይሁድ ኦሪትን ለዓመቱ ሳምንታት ከፋፍለው በየሳምንቱ አንድ ክፍል ያነባሉ፤ ወረቀቱ ያ ክፍፍል የሰፈረበት ነው። "እኛስ ምን ይጎድለናል፣ በዚሁ እንሂድ" አለ። ሄድን።

ዘሌዋውያን ላይ ስንደርስ ሌላው ሰው ማዛጋት ጀመረ። እኔ የነቃሁት እዚያ ነው። ስለ ካህናትና ስለ በዓላት የሚናገረውን ክፍል ቀኑ ሳይደርስ ቤቴ አነበብኩት። ለመሥዋዕት የማይሆነውን ከብት ይዘረዝራል፤ ዕውሩን፣ ሰባራውን፣ እከካሙን፣ አንዱ እግሩ ከሌላው የረዘመውን። ይህን ዝርዝር ያወጣ ከብት ገዝቶ ያውቃል አልኩ። እኛ እከኩን ጥላሸት እንቀባዋለን። ሆዱ የጎደለውን ጨው አስልሰን ውሃ እናጠጣዋለን። የሚያነክሰውን ገዢው እስኪሄድ አስተኝተን እናቆየዋለን። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። በዓላቱም ቀናቸው የተቆረጠ ነው፤ ሰባት ሳምንት ቆጥረህ በቀኑ ትገኛለህ። የገበያ ቀን ለማንም ተብሎ አይዛወርም፤ የእሱም እንደዚያው ነው። ከእንዲህ ዓይነት ጌታ ጋር መሥራት ይቻላል ብዬ ደስ አለኝ።

ደስ የሚለኝ ሌላም ነገር ነበረኝ። ያን ሰሞን ሽማግሌዎቹ በበዓለ ሃምሳ እሁድ የጌታ እራት ሳህን ይዘው በየመደዳው የሚያዞሩ ሁለት ሰዎች መርጠው ነበር፤ አንዱ እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ሳህን ይዤ የምታየው በሆቴል ጓሮ ነው፤ ቡሌ፣ የሰው ትራፊ፣ እስኪወጣልኝ ስጠብቅ። ሳህን ይዤ እኔ ለሰው የማቀርብበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሸሚዝ አሰፋሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ቤቴ በሩን ዘግቼ በትሪ ተለማምጃለሁ።

የጥናቱ እሁድ ደረሰ። ስለ ካህናት ያለውን ጓደኛዬ ራሱ አነበበ። ከአሮን ዘር ነውር ያለበት ሰው መሥዋዕት ለማቅረብ አይቅረብ ይላል፤ ዕውር ቢሆን፣ አንካሳ ቢሆን፣ እግሩ ወይም እጁ የተሰበረ ቢሆን። እጁ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ብዙ አልቆመም፤ ሻጭ ዋጋ ጠርቶ የገዢውን ፊት እስኪያይ ያህል ነው። ሰው ሁሉ ቀኝ እጄን አየ። ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው የሉም፤ ሁለት ጉቶ ነው ያለው።

"ወንድሞች፣ ይሄ የእኔ ቃል አይደለም" አለ። "ማንንም ለመንካት አይደለም። ሳህኑን ስናስብ ግን ይሄንንም እናስብ።"

ዝርዝሩን ያደነቅሁት እኔ ነኝ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ዝርዝሩ ውስጥ ራሴን ሳገኘው ምን ብዬ እከራከራለሁ?

ስንበተን ትልቁ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ወደ ግቢው ጥግ፣ ፓፓያው ሥር ወሰዱኝ። ደግ ሰው ናቸው።

"አይዞህ ልጄ፤ ጌታ ያለፈውን ሁሉ ይቅር ብሎሃል።"

"የቱን ያለፈ፣ ጋሼ?"

"ያንን የጫት ቤቱን ጠብ ነዋ። ጩቤውን። እኛ እኮ ፈርደንብህ አናውቅም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጸልየንልሃል።"

"ማነው ጩቤ ያለው?"

"ጓደኛህ ነው የጸሎት ርዕስ አድርጎ ያቀረበልን። ስለሚወድህ ነው።"

ባልተጣላሁት ጠብ ዘጠኝ ዓመት ተጸልዮልኛል። በሕይወቴ ብዙ ተጣልቻለሁ፤ ለእነዚያ ማን እንደጸለየልኝ አላውቅም።

ጣቶቼ የሄዱት ሂርና ላይ ሰንጋ ስንጭን ነው። በሬው የጓደኛዬ ነበር፤ ቀይ፣ ኃይለኛ። አይሱዙው ላይ ለማውጣት ገመዱን ሁለታችን ይዘናል፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላዬ። "እጅህ ላይ ጠምጥመው፤ አለሁልህ" አለኝ። ጠመጠምኩት። በሬው ወደ ኋላ ሲዘል እሱ ለቀቀ። እኔም ልለቅ ብል ገመዱ አልለቀቀኝም። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ነበር፤ ያዩን አንድ ደላላ ብቻ ናቸው። ሆስፒታል እየሄድን ጓደኛዬ አለቀሰ። "መልቀቄን ለሰው አትንገርብኝ፤ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ገመድ የሚይዝ አላገኝም" አለኝ። አልናገርም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው እጄን ሲጠይቀኝ "ሥራ ላይ ነው" ብዬ አልፋለሁ። እንዲህ በአጭሩ የሚመልስ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብለው ቢያምኑ አልፈርድባቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ሄድኩ። ለሰንጋዎቹ የማሽላ ቆረቆንዳ፣ ደረቁን አገዳ፣ እያበላ ነበር።

"ጩቤው የማን ነበር?" አልኩት።

ወዲያው ገባው። "አቦ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

"ምን ላድርግ? አንተ 'ሥራ ላይ' ትላለህ። ሥራህ ደግሞ ከእኔ ጋር ነው። ሰው ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ ማየቱ ይቀራል?"

"ስለዚህ ጩቤ ሰጠኸኝ።"

"አንተ ከመናኸሪያ ነው የመጣኸው። አንተ ላይ አንድ ጠብ ቢጨመር ምን ይጎዳሃል? እኔ ግን አስተማሪ ነኝ።"

"ሳህኑስ?"

አንዱን በሬ ግንባሩ ላይ አከከው። "ሳህን ይዘህ ስትዞር ሁሉም እጅህን በቅርብ ያያል። ይጠይቅሃል። አንተ ደግሞ አሁን መዋሸት ትተሃል።"

እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም። ወጥቼ ሄድኩ።

ቤቴ ገብቼ ክፍሉን እንደገና አነበብኩት። መጀመሪያ ከብቶቹ ጋ ለመድረስ ቸኩዬ አልፌው ነበር፤ ለካ እሱ ያነበበልን ግማሹን ነው። ነውር ያለበቱ ካህን ለመሥዋዕት አይቅረብ ካለ በኋላ፣ የአምላኩን እንጀራ ግን ይብላ ይላል፤ ከተቀደሰውም ከሁሉ ከተቀደሰውም። ከወንድሞቹ እኩል ይበላል። እንዴት ተሰበርክ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ወደ መጨረሻው ስደርስ ደግሞ ስብራት በስብራት፣ ዓይን በዓይን ይላል። እዚያ ላይ ትንሽ ቆየሁ። የትኞቹን ሁለት ጣቶች እንደምመርጥለት ሳስብ ዋልኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ በፊት ግን የእግዚአብሔርን ስም የተሳደበ ሰው ታሪክ አለ፤ ሲሳደብ የሰሙት እጃቸውን ራሱ ላይ ይጭናሉ። እኔ የገባኝ፣ የሰማና ያየ ዳር ቆሞ አያወራም፣ ቀርቦ እጁን ይሰጣል ማለት ነው። ያየ ሰው አውቃለሁ።

ያን ቀን ያዩን የሂርናው ደላላ ሐጂ ናቸው። እንደ እሳቸው ያሉ የድሮ ደላሎች ዋጋ በአፍ አይጠሩም። እጅ ለእጅ በፎጣ ሥር ተይዞ ጣት በመጨበጥ ይነጋገሩበታል፤ ከብቦ የቆመው ሰው ምንም አያውቅም። ጣቶቼ ከሄዱ ወዲህ ብዙ ደላላ ግራህን ስጠን ብሎኛል። ሐጂ ግን ቀኜን ነው የሚይዙት። አምስት ማለት ሲፈልጉ ሦስቱን ጣት ይጨብጡና ሁለቱን ጉቶ አንድ በአንድ ጫን ጫን ያደርጓቸዋል። በእሳቸው ፎጣ ሥር እጄ ሙሉ ነው።

ሂርና ሄጄ ሰላም ተባብለን እንዳበቃን "ሰንጋ ነው?" አሉኝ።

"ምስክር ነው፣ ሐጂ።" ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ጩቤ?" አሉና ሳቁ። "አንተ ያኔ ጩቤ የምትገዛበት ነበረህ?"

"ይመጡልኛል?"

"ቤተ ክርስቲያናችሁ ገብቼ?"

"በረንዳው ላይ ይሆናል።"

"ወላሂ፣ ለበሬ ስንት ጊዜ መስክሬያለሁ፤ ለሰው ብመሰክር ምን አለበት። እመጣለሁ። ግን ስማኝ፤ ሐቁን ታገኛለህ፣ ሳህኑን አላውቅም።"

በቀጣዩ እሁድ ጥናቱ ሲያበቃ ሐጂ ዱላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ነበሩ። ትልቁ ሽማግሌ የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላቸው። ጓደኛዬ ሐጂን ሲያይ መጽሐፉን ዘጋ።

ሐጂ ነገር አላስረዘሙም። "ይሄኛው ያዘ፤ ያኛው ለቀቀ። ያየሁት ይሄንን ነው።"

"ሐጂ፣ ያኔ እኮ አቧራ ነበር" አለ ጓደኛዬ። "በደንብ አላዩ ይሆናል።"

"ነበር። አቧራው ሲወርድ የዚህ እጅ ደም ነበረው፤ ያንተ እጅ ባዶ ነበር።"

ጓደኛዬ መሬት መሬት እያየ "ይሆናል" አለ። ከአፉ የወጣው ይህ ብቻ ነው። ትልቁ ሽማግሌ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፤ እንዳመኑኝ ፊታቸው ላይ አየሁ። ከዚያ፣ "ለጉባኤው ሰላም ስንል ነገሩን በጸሎት እናቆየው" አሉ።

ሐጂን ወደ ሚኒባሱ ስሸኛቸው፣ "በጸሎት እናቆየው ማለት በእናንተ ምንድነው?" አሉኝ።

"ገዢ ዞሬ ልምጣ ሲል ምን ማለቱ ነው፣ ሐጂ?"

"አይመለስም።"

"እሱ ነው።"

ሳይሳፈሩ ቀኜን ያዙ። ፎጣ አልነበረም፤ በአደባባይ ነው። ሦስቱን ጨበጡ፤ ሁለቱን ጫን ጫን አደረጉ። "ሰላም ግባ" ብለውኝ ወጡ።

በበዓለ ሃምሳ ያሰፋሁትን ሸሚዝ ለብሼ የኋላው መደዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሳህኑን ይዞ የመጣው ጓደኛዬ ነበር። የእኔ ቦታ ክፍት አይቅር ተብሎ ነው፤ እጁም ሙሉ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ሳህኑን ዘረጋ፤ ዓይኑን ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ቁራሹን በቀኜ አነሳሁ። አልቸኮልኩም።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ለጉባኤው አዲስ ናቸው፣ እጄን አዩት። እሱ ገና ከመደዳችን አልራቀም።

"ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ገመድ ነው፣ እማማ። በሬ ስንጭን።"

"ብቻህን?"

"አይ። ሳህኑን ከያዘው ሰውዬ ጋር።"

ሰማኝ። ሳህኑን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ፤ አልለቀቀውም። ይህን ያህል እንኳ መያዝ ተምሯል።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ጣት፣ ስምንት። ሳህን የለም። ጓደኛ የለም። ቁራሹን በልቻለሁ።