ሞተር ሳይጠፋ የተሰጠ ሰላምታ

የአጎቴ መኪና ያልተያዘችበት ጭቃ በጨፋ ሸለቆ ውስጥ የለም። ከከሚሴ ወጥታችሁ በየትኛውም የገጠር መንገድ ብትሄዱና አንዱን ገበሬ አስቁማችሁ «ያቺን ነጭ ፒክአፕ ታውቃታለህ?» ብትሉት፣ መጀመሪያ ወገቡን ይይዛል፤ ከዚያ ይስቃል። ያላወጣት የለም፣ ያልገፋት የለም። ሰዉ «ባለ አራት ጎማ ሳትሆን ባለ አርባ እጅ ናት» ይላታል። እኔ ግን እወዳታለሁ። መውደድ ስል ደግሞ እንደ እብድ ነው።

አሮጌ የናፍታ መኪና ናት፤ አስፈላጊ ሲሆን አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩ ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ መታገስ አለባችሁ፤ ከቸኮላችሁ ትስልና ዝም ትላለች። ስትነሳ ግን ያ ድምፅ! የግቢው ዶሮ ይበተናል፣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ የኔ ጥርስ ደግሞ አይከደንም። እናቴ እጄን እያሸተተች «ሽቶሽ ናፍታ ሆኖ ማን ደፍሮ ይጠይቅሻል?» ትለኛለች። «ማደያ ያለው» እላታለሁ። እሷም ጫማዋን ታነሳለች፣ እኔም እሮጣለሁ።

አጎቴ ጭቃ ላይ የሚያዘው መንዳት ስለማይችል እንዳይመስላችሁ። ችግሩ ሰላምታ ነው። በኛ አገር ሰላምታ እጅ አውለብልበው የሚያልፉት ነገር አይደለም። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ይጠየቃል፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፤ በየመሃሉ አላህ ይመሰገናል፤ አለቀ ስትሉ እንደገና ከጤና ይጀመራል። ለባለ መኪና ደግሞ ይብሳል። ሽማግሌ ላይ አቧራ ነስንሶ ያለፈ ሾፌር ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አጎቴ ከዚህም አልፎ የራሱ ሕግ አለው፤ ሰላምታ ላይ ሞተር አይጮህም። ሰው ካየ ይቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል። የትም ይሁን የት። ቦርከና ሲሻገር ውሃው መሃል ቆሞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ የሰው እጅ ሲጨብጥ አይቻለሁ። ዋልካ ላይ፣ ጥቁሩ አጣባቂ አፈር ላይ ሲቆም ደግሞ ጎማዋ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ እነሱ ስለ ጥጆች ይጠያየቃሉ። ሰላምታው ሲያልቅ እንግዳው አካፋ ፍለጋ ይሄዳል።

«ቢያንስ ደረቅ ቦታ ደርሰህ ብትቆም ምናለ?» እለዋለሁ።

«መኪና ቢያዝ ሰው ያወጣዋል። ሰው ቢቀየም በምን ታወጪዋለሽ?» ይለኛል።

እኔም እየበገንኩ መሪውን እይዛለሁ፤ ሌላው ይገፋል።

ዘንድሮ ግን ጉልበቱ ከዳው። ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል፤ ከመኪና ወርዶም ትንሽ ቆሞ ነው የሚራመደው። ባቲ ያለ አንድ የከብት ነጋዴ መኪናዋን አይቶ ወዷት ነበርና፣ አጎቴ ልሸጥለት ነው አለ። ምሳ ላይ ነበርን። ጉርሻዬን ሳልውጥ ብድግ አልኩ።

«እኔ እያለሁ?»

«አንቺማ የአስፋልት ሾፌር ነሽ።»

ደሜ ፈላ። እርግጥ መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት ኮምቦልቻ ለጥ ባለ መንገድ ላይ ነው፤ ግን እሱ በተያዘ ቁጥር ሁሉም ሲገፋ መሪውን የምይዘው እኔ አልነበርኩም? ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ እንደገና ጮህኩ። ሰልችቶት ተሸነፈ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ዳገት ላይ ባለ አንድ መንደር ሰርግ ነበር፤ ትልልቅ ድስቶቹን፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹንና የሚያበስሉትን የሰፈር ሴቶች የምናደርሰው እኛ ነን። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ አጠገቤ ይቀመጣል። «ሳትያዢ ከወጣሽ አልሸጣትም» አለ። እልል ልል አፌን ስከፍት ጣቱን አነሳ። «ሰላምታም ሳታጎድዪ። አንድ ሰው እንኳ ‹የእህትህ ልጅ ዘግታኝ አለፈች› ካለኝ፣ ባቲ ትሄዳለች።»

እንግዲህ ፍረዱኝ! እሱ ራሱ በዚህ ሁሉ ዘመኑ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ሸለቆው በሙሉ ያብለጨልጫል። ሜዳው ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ሰው ባየሁ ቁጥር ጠጠር ያለበት ቦታ ፈልጌ እቆማለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ወርጄ እስከ ጥጃው ድረስ እጠይቃለሁ። አጎቴ በደስታ አንገቱን ይነቀንቃል። ከኋላ ድስቶቹ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ግን ጣሪያውን ይደበድባሉ። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሙሽራዋ ሳንደርስ ትወልዳለች!» ይሉኛል። በዚህ ሲስቁ መኪናዋ ትወዛወዛለች።

ዳገቱ ስር ስንደርስ ሳቁ ቀነሰ። ያ ዳገት የታወቀ ነው። ወገቡ ላይ ውሃ የሚተኛበት ዋልካ አለ፤ አጎቴ ከዚያ ሳይያዝ ያለፈበት ቀን የለም። ወርጄ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች በእጄ አዞርኩ፤ እነሱ ካልዞሩ የፊት ጎማዎቹ ይንከባለላሉ እንጂ አይጎትቱም። ተመልሼ ትንሿን ማርሽ ወደ ከባዱ ሳብኳት። በዚህ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ትንሽ ትሄዳለች።

«በይ እንጂ፣ ርገጪው! ጭቃ በፍጥነት ነው የሚታለፈው!» አለ አጎቴ።

«ቢስሚላህ» አልኩና አልረገጥኩም። እንዲያውም እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። የናፍታ ሞተር ደግ ነው፤ ባትነካኩት በራሱ እየተነፈሰ ይጎትታል። ጎማው ሳይሽከረከር፣ ሳይንሸራተት፣ አንድ አንድ እያለ ጭቃውን ነክሶ ወጣ። እኔ መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን እስቃለሁ። ዋልካው ውስጥ ገባን። ጭቃው የጎማውን ግማሽ ዋጠ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም።

በትክክል እዚያ፣ እርጥቡ መሃል፣ ከማሽላው ማሳ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

ተራ ሽማግሌ ቢሆኑ ጥሩ ነበር። አገር የሚያስታርቁ፣ ዱአቸው የሚፈራ፣ አጎቴ ስማቸውን ሲጠራ እንኳ ኮፍያውን የሚያስተካክልላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። መንገዱ ዳር ድንጋያማው ጠርዝ ላይ ሆነው ከዘራቸውን አነሱልን።

«ቁሚ!» አለ አጎቴ።

«እንዳትቆሚ!» አሉ ሴቶቹ።

ብቆም መኪናዋ ባቲ ትሄዳለች፤ ባልቆም መኪናዋ ባቲ ትሄዳለች። ሳላስበው ዓይኔ እግራቸው ላይ አረፈ። ሽማግሌው ወደኛው አቅጣጫ፣ ወደ ላይ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው እየተራመዱ ነበር። እኛም ከሳቸው አንፈጥንም! ሳቄ መጣ። መስታወቱን አውርጄ እስከ ትከሻዬ ወጣሁ።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ! አካም ጅርቱ፣ ደህና ነዎት?»

ደነገጡ። ግን ሰላምታ ተጀምሯል፤ የተጀመረ ሰላምታ ደግሞ አይቋረጥም። «ወአለይኩም ሰላም ኢንተላ ኮ! ልጄ ደህና ነሽ? ነጋአ?» እያሉ ከመስኮቴ ጎን ጎን መራመድ ጀመሩ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ በአንድ እጄ መሪውን፣ በአንድ እጄ እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። እናቴን ጠየቁ። አልሃምዱሊላህ። ከብቶቹን ጠየቁ። ከሚሴ ያለን አንዲት ላም ብቻ ናት፤ ስለ እሷ እየደጋገምኩ አልሃምዱሊላህ አልኩ። እኔም ማሽላቸውን፣ ፍየሎቻቸውን፣ ዝናቡን ጠየቅሁ። ሞተሩ ይጮሃል፤ እሳቸውም ይጮሃሉ፤ እኔም እጮሃለሁ።

አጎቴ ግን ይህን ግፍ መቀበል አልቻለም። ከሚሄድ መኪና ላይ ለትልቅ ሰው ሰላምታ! «አስተግፊሩላህ» አለና በሩን ከፍቶ ዘለለ። ያ የታመመ ጉልበቱ የት እንደሄደ እንጃ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ተቀበለው። አንድ እግሩን ሲነቅል ጫማው ቀረ፤ ጫማውን ሊያወጣ ሲያጎነብስ ኮፍያው ወደቀ። «ቁሚ እንጂ አንቺ!» እያለ በባዶ እግሩ ከኋላችን ይንቦጫረቃል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ እንባዬ በሳቅ እየወረደ ስለ ፍየሎቹ ግልገሎች እጠይቃለሁ።

እንዲህ ሆነን ዋልካውን ጨረስን። ጠጠሩ ላይ ስንወጣ አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወርጄ የሽማግሌውን ጉልበት ልስም አጎነበስኩ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ አነሱኝ። መኪናዋ ጭቃ በጭቃ ሆና ቆማለች፤ አልተያዘችም። ልዘል ምንም አልቀረኝም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የተሳካው፤ ሌላው ግማሽ በሽማግሌው አፍ ላይ ነበር።

አጎቴ አንድ ጫማ በእጁ ይዞ ደረሰ። ትንፋሽ የለውም። ቀጥታ ሽማግሌው ፊት ቆሞ አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ አውፍ ይበሉን። ልጅ ናት፣ ከነ ሞተሯ ነው ሰላም ያለችዎት። ቅር ብሎዎት ከሆነ ይንገሩኝ፣ መኪናዋን እሸጣታለሁ።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እውነቱን ልንገርህ?» አሉት። «እኔ ያንተን መኪና ድምፅ ስሰማ ቁልቋል ውስጥ እደበቃለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መንደሩ በሙሉ ይደበቃል። አንተ ሰላም ካልከን ስንቆፍር መዋላችን ነው። ዛሬ ግን የሌላ መኪና ድምፅ መስሎኝ ወጣሁ፤ ከናንተ ቤት ጋር ወግ ያለው ሰላምታ ያለ አካፋ ስለዋወጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አላህ ይስጣት።»

አጎቴ ጫማውን እያገላበጠ ቆመ፤ ፊቱ ቀላ። በዚያች ቅጽበት በጣም አሳዘነኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት በየጭቃው የቆመው ሰው እንዳይቀየምበት ነበር። ከዚያ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቅሳል ብዬ ስጠጋው፣ ሳቅ ነው። «ቁልቋል ውስጥ?» አለ። «እኔ እኮ አገሩ ሰው የጠፋበት ይመስለኝ ነበር!» ያን ጊዜ ሁላችንም ፈነዳን፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪስሉ ሳቁ።

ሴቶቹንና ድስቶቹን አድርሰን ስንመለስ እሱ ምንም ሳልለው በተሳፋሪው በር ገባ። ዳገቱን በዚያው ከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ አወረድኳት። እሱ እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል፤ በሁለት እጁ ነው የሚጨብጠው። እኔ የሰዉን እርምጃ እያየሁ እነዳለሁ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሸለቆው ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። የባቲው ነጋዴ ነው። አጎቴ እንደ ልማዱ ጀመረ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ቆላው ሙቀት። ጆሮዬን ቀስሬ እጠብቃለሁ። እሱ እንደገና ወደ ጤና ተመለሰ። መሪውን ልነቅለው ደረስኩ።

በመጨረሻ «የመኪናዋን ነገር እንኳ» አለ፣ «እኔ አላውቅም። ሾፌሯን ላገናኝህ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

ያ ሁሉ ሰላምታ ከአፌ ጠፋ። ጤና የለ፣ ግመል የለ።

«አትሸጥም!» ብዬ ጮህኩበት።